ደፍ ላይ የተገኘችው ብራና

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ወሬ ታደርጉታላችሁ። በአንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ በሩ ላይ ግን ሦስት ቁልፍ አለ። ምን ሀብት አለው ብላችሁ ነው? አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ አልጋ፣ ከአባቱ የወረሰው አንድ የብራና ዳዊት። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለዋን ተረት ግን እንደ ጸሎት ነበር የሚደጋግማት።

ዳዊቱ በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ከራስጌው ተሰቅሏል። ማታ ማታ ያወርደዋል፣ ይሳለመዋል፣ በሩን ከፍቶ ደፉን ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርግበታል። ከዚያ ሦስቱንም ቁልፍ ቆልፎ መልሶ ይሰቅለዋል። ያነበዋል ወይ? አያነበውም። ፊደል ቆጥሯል፤ ግእዙ ግን አይገባውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ማኅደሩን ፈትቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጉንፋን ጣለውና ቤት ዋለ። ጎረቤቱ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ባልቴት፣ የአጃ ሾርባ ይዘውለት መጡ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ" ብሎ ተቀበለ። በሩን ዘጋ፣ ሾርባውን አሸተተ፣ ከዚያ በጓሮ ደፋው። ሰው በነጻ ሾርባ የሚያመጣው ምን ፈልጎ ነው?

ያን ዕለት ማታ እንደ ልማዱ ደፉን መታ መታ አድርጎ በሩን ቆለፈ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። በስንጥቁ ቢያይ እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ትንፋሹን ዋጠ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ፣ ደፉ ላይ አንድ ነገር አደረጉ፣ ሄዱ።

ጠዋት ሲከፍት ደፉ ላይ አንዲት ብራና አገኘ። ጠጠር ተጭኖባታል። ግእዝ ተጽፎባታል። ከጥቁሩ ጽሑፍ መሐል ደግሞ ቀይ ቀይ ነገር አለ። የጥቁር ዶሮ ደም ነው፣ አለ በልቡ። በእጁ አልነካትም፤ በመቀሱ ጫፍ አንሥቶ ቆርቆሮ ውስጥ ከተታት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ። "ዘርትሁን አስደግማብኛለች። እሑድ በጉባኤ እከሳታለሁ፤ ከእድሩ ትሰረዝልኝ።" ወገኖቼ፣ ዘመድ የሌላት አሮጊት ከእድር ተሰረዘች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስትሞት ድንኳን የሚተክልላት የለም። አስከሬኗን የሚሸከም የለም።

ከዳኛው ወጥቶ ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሄደ። "ተደግሞብኛል፣ በደም ተጽፎብኛል፣ ይፍቱልኝ" ብሎ ቆርቆሮውን አስቀመጠና ራቅ ብሎ ቆመ።

መሪጌታ ብራናዋን በእጃቸው አነሡ፤ አዩ፤ ተሳለሟት። ሰውየው ክው አለ። እሳቸውም አሉበት እንዴ?

"ማነው የጻፈብኝ?" አለ።

"ዳዊት ነዋ።"

"ጠርጥሬ ነበር። ያ ጋራዥ የሚሠራው ዳዊት። ሱሪዬን አጠበብከው ብሎ ከተቀየመኝ ወዲህ ዓይኑ አያምረኝም።"

መሪጌታ ብራናዋን ወደ እሱ አዞሩለት። "የእሴይ ልጅ ዳዊት" አሉት። "ቀዩም ደም አይደለም። የእግዚአብሔር ስም ነው፤ ለክብሩ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ይህች መዝሙር በልዑል ረድኤት ስለሚያድር ሰው የምትናገረው ናት። የሌሊቱን ግርማ፣ በቀን የሚበረውን ፍላጻ፣ አንተ የምትፈራውን ሁሉ አንድ በአንድ ትጠራና አትፍራ ትልሃለች። አልተደገመብህም፣ ልጄ። የአንተ ችግር አለመደገሙ ነው። ሂድ፣ የአባትህን ዳዊት ማኅደር እየው።"

ሮጦ ሄደ። የማኅደሩ ስፌት ከታች ተተርትሯል፣ የጥራዙ ክር አልቋል፣ አንዲት የብራና ቅጠል ጎድላለች። ለካ ደፉን መታ መታ ሲያደርግ የጣላት ራሱ ነው። የሰው ልብስ ሲሰፋ የሚውል ሰው፣ ከራስጌው የተቀደደውን አላየም።

ሲወጣ እትዬ ዘርትሁን ደጃቸው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ጠጠሩን ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?"

"ንፋስ እንዳይወስዳት ብዬ ነው። አንኳኳሁ፣ አልከፈትህም። ቤቴ ወስጄ ባሳድራት ደግሞ ሰረቀችኝ ትላለህ ብዬ ፈራሁ።" ቀና ብለው አዩትና፣ "ሾርባው ተስማማህ?" አሉት።

እዚህ ላይ ሰውየው አለቀሰ። "ደፋሁት" አላቸው። እሑድ በእድሩ ጉባኤ ቆመ፤ የከሰሰው ግን ራሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መሪጌታ ዘንድ እየሄደ የዕለቱን መዝሙር ይማራል። ከሦስቱ ቁልፍ ሁለቱን ነቀለ። አንዱን ተወው፤ ገና ጀማሪ ነው።

ሳቃችሁ። እኔ ግን እናንተንም እጠረጥራለሁ። ዳዊታችሁ የት ነው? ትራስ ሥር? መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር? ስልካችሁ ውስጥ ጭናችሁት አንድም ቀን ያልነካችሁት? የጎረቤታችሁን ዓይን ታነባላችሁ፤ የባልደረባችሁን ፊት ታነባላችሁ፤ "ሰላም ነው?" ያላችሁ ሰው ድምፁ ውስጥ ምን እንዳለ ትመረምራላችሁ። ይህን ሁሉ የምታነቡ ሰዎች፣ የሚያሳርፋችሁን ቃል ለምን አስራችሁ ትሰቅሉታላችሁ?

ያ ሰው የፈራው ምን ነበር? የእግዚአብሔርን ስም። የሚጠብቀው ስም ደጁ ላይ ወድቆ ሳለ ደም መሰለው። ለምን? ስለማያውቀው ነዋ። ከአምላኩ ጋር ሃያ ዓመት አብሮ አድሮ አልተዋወቁም። እኔም ብሆን ሰባኪ ነኝ ብዬ አልኮራም፤ ከፍርሃት በቀር ምንም ሳልደግም ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉኝ፤ በነጋታው የማየው ሰው ሁሉ ጠላት ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዳዊቱን አውርዱት። መሳለሙንም ተሳለሙት፤ ግን ማኅደሩን ፍቱ። አንዲት መዝሙር፣ አንዲት ብቻ፣ ጆሯችሁ እስኪሰማ ድረስ አንብቡ። የምትፈሩት ነገር እዚያ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ታገኙታላችሁ፤ ከእርሱ በላይ ያለውንም ታገኛላችሁ።

እያነበባችሁ ሳለ በር ከተንኳኳ ደግሞ፣ እባካችሁ ክፈቱ። ሾርባ ሊሆን ይችላል።