የደጊቱ ባዘቶ

ይህ ሁሉ ማሳ ገና ጥሻ ሳለ፣ አባቶቻችን ወንዙን በስሙ በሚጠሩበት ዘመን፣ ደጊቱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ቤቷ ከትልቁ ግራር ሥር ነበር። ሀብቷ አንድ እንዝርት፣ አንድ የጥጥ መንደፊያ ደጋንና በላይነሽ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበሩ።

በላይነሽ አገባች። ወለደች። ጡት ሳታስጥል ደግማ ወለደች። «ልጅ የአምላክ ስጦታ ነው» አሉ ሰዎች። እውነታቸውን ነው፤ ግን ተቀባይዋ መቆም አቅቷት ነበር። በስድስተኛው ምጥ በላይነሽ ከነጽንሷ ሄደች። አምስት ልጆች በደጊቱ እጅ ቀሩ። ደጊቱ አላለቀሰችም ይላሉ፤ እኔ አላምንም። እናት አይደለች?

ከተዝካሩ ማግስት ከግራሩ ሥር እየፈተለች ሸለብ አደረጋት። እንዝርቱ በእጇ ይዞራል፣ እሷ ሕልም ታያለች። ንቦች መጡ። ከንቦቹ ኋላ በላይነሽ መጣች፤ ነጠላዋ እንደ ባዘቶ ነጭ ነው። ግንዱ ላይ የወረደውን ሙጫ በጣቷ አሳየቻት። ጉንዳኖች ሊሻገሩ ይመጣሉ፣ ሙጫው ይይዛቸዋል፣ መንገዳቸው እዚያው ያልቃል።

«እማዬ፣ ደከመኝ» አለች በላይነሽ። «ለኔ አልደረሰም። ለሌሎቹ ሴቶች መንገዱ ላይ ሙጫ አኑሪላቸው።»

ደጊቱ ነቃች። ሙጫ ለቀመች። በማር ለወሰችው፣ ሎሚ ጠብ አደረገችበት፣ ባዘቶ ነከረችበት። ሴት ከባሏ ጋር ከመተኛቷ በፊት በማኅፀኗ በር የምታኖረው ይኸ ነበር፤ የወንድ ዘር እንደ ጉንዳኑ እዚያው እንዲቀር። አትሳቁ እንጂ! በዚያ ዘመን ሌላ ምን ነበረ?

መጀመሪያ የመጣችው ማንጠግቦሽ ናት። ስድስት ወልዳ ወገቧ ጎብጧል፣ ጡቷ ደርቋል። ደጊቱ ባዘቶውን ሰጠቻት። አንድ ክረምት አለፈ። ሁለት ክረምት አለፈ። የማንጠግቦሽ ሕፃን ዳዴ አለ፣ ቆመ፣ ዶሮ አባረረ። እናቱም ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ሴቶች ይህን አዩና አንድ በአንድ ወደ ደጊቱ መጡ።

ሁለተኛይቱ ስንዱ ናት። ስንዱም ባዘቶውን ወሰደች፣ እንደተባለችው አደረገች። ግን አረገዘች። ሆዷን ይዛ መጣችና «እመት ደጊቱ፣ ዋሹኝ!» ብላ ጮኸችባት። ደጊቱ ምክንያት አልደረደረችም። እንዝርቷን አስቀመጠች። ለስንዱ ውሃ ቀዳች፣ እህል ፈጨች፣ ወገቧን አሸች። ምጥ ሲመጣ ከኋላዋ ተቀምጣ ደግፋ ያዘቻት። የበላይነሽ ፊት በዓይኗ እየመጣባት ፈራች፤ በጣም ፈራች። ስንዱ ሴት ልጅ ታቅፋ በሕይወት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ደጊቱ ባዘቶ በሰጠች ቁጥር አንድ ቃል ትጨምር ነበር፦ «ልጄ፣ ይረዳል እንጂ አይምልም።»

ሦስተኛው ፈተና ከወንዶች መጣ። ጭቃ ሹሙ ጓንጉል ወሬውን ሰማና ከሽማግሌዎች ጋር በዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። አገሩ ሁሉ ወጣ። ደጊቱ አምስቱን የልጅ ልጆቿን አስከትላ ቆመች።

«ማኅፀን ትዘጊያለሽ አሉ። ዳግመኛ አልሰጥም ብለሽ ማይ፤ አለዚያ ልጆቹን ይዘሽ አገር ልቀቂ» አላት ጓንጉል።

ደጊቱ ልጆቹን አየች። ሌላ አገር የላትም። አንድ ቃል ብትናገር ቤቷ ታድራለች። አፏን ከፈተች፤ በላይነሽ ትዝ አለቻት።

«ጌታዬ፣ ልጄን ቀብሬያለሁ» አለች። «ባዘቶዬም አይምልም፣ እኔም አልምልም።»

ጓንጉል ደሙ ፈላ። «እንግዲያስ በዚህ አገር ጥጥ የሚባል ነገር በሴት እጅ እንዳላይ!» አለ።

ሰው ሲቆጣ እንዲህ ያለውን ይናገራል። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ እየመጡ እንዝርታቸውን በሽማግሌዎቹ እግር ሥር አኖሩ። ማንጠግቦሽ አኖረች። ስንዱ ልጇን እንዳዘለች አኖረች። በመጨረሻ የጓንጉል ሚስት የሺመቤት ተነሣችና የባሏን ጋቢ ከትከሻው ገፈፈች።

«ይኸም ከሴት እጅ የወጣ ጥጥ ነው» አለች። እጀ ጠባቡንም አየት አደረገችው።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጓንጉል ግን አልሳቀም። የኅዳር ብርድ እየነካው ሚስቱን አያት። በምጥ አራት ጊዜ ከሞት ደጅ የተመለሰች ሚስቱ እንዴት እንደከሳች ገና ያን ቀን አየ።

«ወደ ቤትዎ ይግቡ፣ እመት ደጊቱ» አለ በቀስታ።

ደጊቱ አርጅታ ከግራሩ ሥር እየፈተለች አረፈች። ንቦች መጥተው ነበር ይላሉ። እናንተ ዛሬ ጤና ኬላ ሄዳችሁ የተሻለ ታገኛላችሁ፤ ዘር የሚገድለው አረፋም አለ፣ መርፌውም አለ፣ ተመስገን። ልማዱ ግን አልቀረም። በኛ ቀዬ በልጅ ክርስትና ማግስት ባል እፍኝ ባዘቶ በሚስቱ መዳፍ ላይ ያኖርና «እስክትጠሪኝ» ይላታል፤ እስክትጠራውም መኝታዋን አይቀርብም። እውነቱን ነግሮ የሚያግዝ ሰው ስናገኝም «የደጊቱ ነው፤ ይረዳል እንጂ አይምልም» እንላለን።

እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ ያዙት። አያታችሁ ሦስት ጊዜ ባዘቶ ሰጥቶኛል፣ ሦስት ጊዜም እስክጠራው ጠብቆኛል። ይኸው ቁጭ ብዬ የማወራችሁ ለዚያ ነው።