አመዱን ያወጣው ገበሬ

«ብርድ በሚበረታበት አገር አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ እማሆይ።

ይህን ያሉት አልጋነሽ የምትባል ጎረቤታቸው ጥያቄዋን አቅርባ ከጨረሰች በኋላ ነው። አልጋነሽ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አንደኛው የወለደችው ወንድ ልጇ ነው። ሁለተኛዋ የሟች እህቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ገና ትንሽ ሆና ነው ወደዚህ ቤት የመጣችው። ጥያቄዋም እንዲህ የሚል ነበር፦

«እማሆይ፣ እኔ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላደረግሁም። በአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ልብስ ስገዛም ለሁለቱም ነው። ልጄ ሲከፋው አልነካካውም፤ ዝም እለዋለሁ፣ አድሮ ይረሳዋል። እሷንም እንደዚያው ነው የያዝኳት። እንዳይከፋት ብዬ የእናቷን ስም እንኳ በቤታችን አንስተን አናውቅም። እሱ ደህና ልጅ ሆነልኝ። እሷ ግን ከዓመት ዓመት እየከበደችኝ ሄደች። ስጠራት አትመልስም፣ ስቆጣት አታለቅስም። ቤቴ ውስጥ ድንጋይ ያስቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። አሁን ለአባቷ ወንድም ልሰጣት ነው። ሰውየው ልጅ የሚወድ ሰው አይደለም፤ እኔም ግን ደከመኝ። ይህ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

እማሆይ ይሆንብሻልም አይሆንብሽምም አላሉም። ስለ ገበሬው ነው የቀጠሉት።

ገበሬው ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖር ነበር። እናቱ ደረቷን ያማታል፤ የቤቱ ጭስ ደግሞ ሕመሟን ያባብስባት ነበር። ስለዚህ ገበሬው ከተማ ወርዶ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ የብረት ምድጃ አሠራ። ምድጃው የሚዘጋ በር አለው፤ ጭሱንም በቧንቧ አድርጎ በጣሪያ በኩል ያወጣል። ብረት ሠሪው «ይህ የሰጠኸውን ይበላል። እንጨት ይሁን፣ ኩበት ይሁን፣ የድንጋይ ከሰል ይሁን አይመርጥም» አለው። ስለ አነዳዱም ሊነግረው ጀምሮ ነበር። ገበሬው ግን «እሳት ማንደድ ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ሳቀና ምድጃውን በጋሪ ጭኖ ሄደ።

እውነትም ማንደድ ያውቅ ነበር። የሚያነደው እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ አመድ ላይ ሲተኛ ይስማማዋል። ከእሳቱ ሥር ፍርግርግ አለ፤ ከፍርግርጉ በታች ደግሞ አመድ የሚጠራቀምበት መሳቢያ አለ። ገበሬው በፍርግርጉ ላይ ያለውን አመድ ጠርጎ አይጨርስም፤ ሁለት ጣት የሚያህል ይተዋል። የታችኛውን የአየር መግቢያ ይዘጋል፣ ከበሩ በላይ ያለውን ይከፍታል፤ እንጨቱም ከላይ በሚያገኘው አየር ረጋ ብሎ ይነዳል። ሲመሽ ፍሙን በአመድ ያዳፍነዋል፤ ጠዋት ገለጥ ሲያደርገው ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ክረምት ሳይገባ ቧንቧውን ነቅሎ ጥላሸቱን ያራግፋል። የበሩ ማሸጊያ ሲላላ ይቀይራል። ያን ምድጃ እንደሚታለብ ላም ነበር የሚይዘው። የእናቱ ሳል ቀነሰ። ጎረቤቶች ሊያዩ ሲመጡ «አመዱን አትንኩት፣ ዋናው እሱ ነው» እያለ ያስተምራቸው ጀመር፤ ትክክልም ነበር።

እዚህ ላይ አልጋነሽ «እማሆይ፣ ይህ ሁሉ ስለ ምድጃ ነው?» አለች።

«ስለ ምድጃ ነው። ታገሺኝ» አሉ እማሆይ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ከገባ በኋላም አልወጣ አለ። ደጅ የተከመረው እንጨት ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሻገተ። ገበሬው ገበያ ሄዶ ከአንዲት ነጋዴ የድንጋይ ከሰል ገዛ። ሴትየዋ ባሏ የሞተባት ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ንግድ ነበር። «ከእንጨት ይልቅ ይህ ያሞቅሃል፣ ቶሎም አያልቅብህም» አለችው።

ገበሬው ቤቱ ገብቶ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። አመዱን እንዳለ ተወው። የታችኛውን አየር ዘጋ፣ የላይኛውን ከፈተ። በጥቂት ደረቅ ጭራሮ አቀጣጥሎ ከሰሉን ጨመረና በሩን ገጠመው። ከሰሉ ጫፍ ጫፉ ቀላ፤ ከዚያ መልሶ ጠቆረ። ገበሬው ሌላ ጨመረበት። ጨሰ እንጂ አልነደደም። ሲመሽም እንደ ልማዱ አዳፈነው፤ ጠዋት ሲገልጠው እንዳስቀመጠው ጥቁር ሆኖ ጠበቀው።

ቧንቧው ተደፍኖ ይሆናል ብሎ በዝናብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጠረገው። ቧንቧው ንጹሕ ነበር። ማሸጊያውን ለወጠ። ያም ለውጥ አላመጣም። እናቱ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ጥግ ላይ ተኮራምታ ታየው ነበር።

«ይህ እሳትህ እኔን መሰለ» አለችው አንድ ቀን። «ይተነፍሳል፣ መነሳት ግን አይችልም።»

«ከሰሉ ነው እማ። አታለውኛል።»

«እኔ እንጃ። ራሴን ግን ያዞረኛል።»

ገበሬው እርጅና መሰለው። እርጅና አልነበረም። የታፈነ ከሰል ለዓይን የማይታይ ክፉ አየር ያወጣል፤ እሱ ነበር ቀስ በቀስ ቤቱን የሚሞላው። ቆላ የምትኖር እህቱ የእናቷን መድከም ሰምታ «እዚያ በብርድ ከምትሞትብን አምጣልኝ» ብላ ላከችበት። ገበሬው መልእክቱን ሲነግራት እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምነው እማ?»

«ምንም። አባትህ የተቀበረበትን ትቼ በማን አገር ልቀበር ነው እያልኩ ነው።»

ገበሬው ያን ጊዜ ተናደደ። የተናደደው በራሱ አይደለም፤ በከሰሉና ከሰሉን በሸጠችለት ሴት ነው። በገበያ ቀን ሰው መሐል ቆሞ «ይህች ሴት ድንጋይ ጥቁር ቀለም እየቀባች ነው የምትሸጥላችሁ» አለ።

ሴትየዋ የያዘችውን ሚዛን አስቀመጠች። «እኔም ቤቴ የማነደው ከዚሁ ክምር አንስቼ ነው። ና እይ» አለችው።

«የአንቺን ቤት ልጎበኝ አልመጣሁም።»

«እሺ፣ እንዴት አድርገህ እንደምታነደው ንገረኝ።»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? አገሩ ሁሉ ምድጃ ማንደድ የተማረው ከእኔ ነው።»

ሰዎች ሳቁ። አንዱ «እኔም ቀለም የሚያስፈልገው በር አለኝ፤ ከየት ነው የምትገዢው?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ክምሯ የሚጠጋ ሰው እያነሰ ሄደ።

ገበሬው በዚህ አልረካም። እናቱን ወደ ቆላ ለመውሰድ ቀን ቆርጦ በቅሎ ተዋሰ፤ ዕቃዋን ሸከፈላት። መንገዱ በገበያው በኩል ነውና፣ የቀረውን ከሰል በጆንያ ይዞ ሄዶ በሽማግሌዎች ፊት ሴትየዋ እግር ሥር ሊያፈሰው አሰበ። የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ምድጃው ውስጥ ያለውን ሳይቀር ሊወስድ ፈለገ። የበረደውን ከሰል እየለቀመ ጆንያው ውስጥ ከተተ። ሆዳቸው ገና ትኩስ የሆኑትን ጥቂቶች ጆንያውን እንዳያቃጥሉበት እስኪበርዱ ድረስ ፍርግርጉ ላይ ተዋቸው። ከአመዱ መሐል የተቀበረ የከሰል ፍርካሽ እንዳይቀር ብሎ ፍርግርጉን በመቆስቆሻ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። የተጋገረው አመድ ዝርግፍ ብሎ ወረደ። መሳቢያውን ጎትቶ አወጣ፤ እንጨት በሚያነድበት ጊዜ ሲሞላ ያጎድለው ነበር፣ ከሰል ከጀመረ ወዲህ ግን ስላልነካው አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። መሳቢያውን ተሸክሞ ወጣና አመዱን ከአጥሩ ጀርባ ደፍቶ፣ ከውስጡ ከሰል ሲለቅም ቆየ። ሲወጣ የታችኛውን የአየር መግቢያ ክፍት ትቶት ነበር።

ሲመለስ ምድጃው እንደ ወናፍ ይነፋል። ፍርግርጉ ላይ የተዋቸው ከሰሎች ከዳር እስከ ዳር ቀልተዋል። ቧንቧው አየር ሲስብ ይሰማል። እናቱ ከጥጓ ተነስታ፣ አንዱን ጋቢ ጥላ፣ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ብረቱ ዘርግታ ቆማለች።

«ዛሬ ምን ጨመርክበት?» አለችው።

ገበሬው መሳቢያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ምንም አልጨመርኩበትም» አለ። «አወጣሁለት እንጂ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። አየሩ ከሥር ይገባል፣ በፍርግርጉ ቀዳዳዎች ሽቅብ አልፎ በከሰሎቹ መሐል ይሄዳል። ሲሰጠው የከረመው የላይኛው አየር ከከሰሉ ሆድ አይደርስም ነበር። ከሥር ሊደርስለት የሚችለውን ደግሞ እሱ ራሱ በአመድ ደፍኖበታል። እንጨቱን ለዓመታት ያኖረለት አመድ ነው ከሰሉን ያፈነው። ገበሬው ያደረገው ክፋት አልነበረም፤ የሚያውቀውን መልካም ነገር ነበር ያደረገው።

በቅሎውን ለባለቤቱ መለሰ። እናቱ የተሸከፈውን ዕቃዋን ራሷ ፈታችው። በሚቀጥለው ገበያ ገበሬው ሄዶ ሴትየዋን በሰደበበት ቦታ ቆመ። ሰዎች ሊስቁ ተጠጉ።

«ከሰሉ ከሰል ነው» አለ። «ድንጋይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።» እንዴት እንደሆነም አንድ በአንድ ነገራቸው።

ሴትየዋ «ቤቴ መጥተህ እይ ብዬህ አልነበረም?» አለችው።

«ብለሽኝ ነበር።»

«አሁንም ና። ምድጃዬን የሚጠርግልኝ ሰው አጥቻለሁ።»

ሰዎቹ በዚህ ሳቁ፤ ገበሬውም አብሮ ሳቀ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃሉን ሰምተው በዚያው የሄዱ፣ ሁለተኛውን ያልሰሙ ሰዎች ነበሩ። ከሩቅ አገር የመጡ ስለሆኑ ዞሮ ሊያገኛቸው አልቻለም። እነሱ ከዚያች ሴት ዳግመኛ አልገዙም፤ እሷም የቀሩትን ደንበኞች ይዛ ኖረች።

እማሆይ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ።

«እናቱስ?» አለች አልጋነሽ።

«እናቱማ ቤቷ ቀረች። ገበሬውም እንጨት ሲያነድ አመዱን ይተዋል፣ ከሰል ሲያነድ ይጠርገዋል። ምድጃው ያው ምድጃ ነው።»

ከዚያ መቀመጫቸውን አስተካክለው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልዩነት አላደረግሁም አልሽኝ፤ አምንሻለሁ። ገበሬውም አላደረገም፤ የሳተው እዚያ ላይ ነው። ወንድ ልጅሽ እንጨቱ ነው። ሲከፋው አዳፍነሽ ትተዪዋለሽ፣ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፣ ጠዋት ያው ልጅሽ ነው። ደግ አድርገሻል። ይህቺ ልጅ ግን ከሰሏ ናት። ቤትሽ የገባችው እናቷን ቀብራ ነው፤ ሐዘኗ ያለው ከሥሯ ነው። አንቺም እንዳይከፋት እያልሽ፣ በደግነት፣ በየቀኑ ዝምታ ስትከምሪበት ኖርሽ። ድንጋይ ናት አልሽ። ድንጋይ አይደለችም ልጄ፤ አየር አጥታ ነው። አሁን ለዚያ ሰው ብትሰጫት፣ ገበሬው ገበያ ላይ የተናገረውን ቃል ነው የምትናገሪባት። ነገ ተሳስቼ ነበር ብትዪ እንኳ፣ እሷ ያን ጊዜ ከማትሰማሽ ቦታ ሆና ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ልጨምርላት?» አለች አልጋነሽ። «መከርኩ፣ ገዛሁ፣ ለመንኩ። ያልሞከርኩት የለም።»

«ምንም አትጨምሪ። ጥረጊላት። እናቷ ስሟ ማን ነበር?»

አልጋነሽ ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም ለማንም ጠርታው አታውቅም ነበር። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታችው፣ መልሳ ጠቀለለችው።

«ዘርፌ» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች። ዘርፌ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን እንደነበር ተናገረች። ወጥ በሠራች ቁጥር ጨው ታበዛ እንደነበር፣ በዚህም ሁሉም ሲስቁባት ቀድማ የምትስቀው እሷ እንደነበረች ተናገረች። ነፍሰ ጡር ሳለች ሴት ናት ብላ፣ ልጅቷ ሳትወለድ ስም አውጥታላት በስሟ ታዋራት እንደነበርም ተናገረች።

እማሆይ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ይህን ከእኔ ጋር አትጨርሺው» አሉ። «የቀረውን ቤት ሄደሽ ለእሷ ንገሪያት።»