ሸክላው የሚዘልባት ቦታ

አንድ ጉም የማይለየው ከተማ ውስጥ የዘፈን ሸክላ የምትሰበስብ ሴት ነበረች። የድሮ ዘፋኞችን ድምፅ ከየጓዳው፣ ከየሱቁ፣ ከየሟቹ ቤት እየለቀመች ታመጣለች። እያንዳንዱን ሸክላ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋ፣ ነጭ ወረቀት አልብሳ መደርደሪያዋ ላይ ታቆመዋለች። ቤቷ አንድ ሕግ ነበረው፤ የተጫረ ሸክላ እዚያ አያድርም። መርፌው የሚዘልበት ሸክላ ካጋጠማት ለሁለት ሰብራ ትጥለዋለች። ይህን የምታደርገው ለዘፋኞቹ ክብር ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጉሙ ውስጥ ስትሄድ ከአንዲት ባልቴት መስኮት የምትወደውን ዘፈን ሰማች። የዚያ ዘፈን ሁለት ንጹሕ ሸክላዎች ቤቷ አሏት። ዘፋኟ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ላይ ልትወጣ ስትል ግን መርፌው ዘለለና ድምፁ ማዶ ሄዶ ወደቀ። ሰብሳቢዋ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቷን አጨማደደች። ሄዳ በሩን አንኳኳች።

ባልቴቷ ያላት ሸክላ ያ ብቻ ነበር። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ታጫውተዋለች።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ተጎድቷል። እኔ ጋ ደህናው አለ፤ ላምጣልዎት።»

«ተይው ልጄ፣ ይሄው ይበቃኛል።»

«በነጻ ነው እኮ።»

«ገብቶኛል። ተይው አልኩሽ።»

ሰብሳቢዋ በልቧ ሳቀች። በዚያ አገር ሰው ቢርበውም መጀመሪያ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ እሺ የሚለው ደጋግመው ሲለምኑት ነው። «ይሉኝታ ይዟት ነው» አለች። በማግስቱ ንጹሑን ሸክላ በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ባልቴቷ ውሃ ልታመጣላት ወደ ጓዳ ስትገባ ለወጠችው። የተጫረውን ቤቷ ወሰደችና እንደ ሕጓ ሰብራ ጣለችው። ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች።

በሳምንቱ ምስጋናዋን ልትቀበል ሄደች። ሰዓቱ ደርሷል፤ ከመስኮቱ ግን ምንም አይሰማም። ባልቴቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ማጫወቻው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ዛሬ አያጫውቱም እንዴ፣ እማማ?»

«ትርንጎ ሄደችብኝ።»

«ትርንጎ ማናት?»

«ልጄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነበር። በዚህ ዘፈን ስትጨፍር ክንዷ ማጫወቻውን መታው፤ መርፌው ተንሸራቶ ሸክላውን ጫረው። ተቆጣኋት። በዚያው ክረምት ታማ ሞተች። ፎቶ የላት፣ ምን የላት። ዘፈኑ እዚያች ቦታ ደርሶ ሲዘል ግን ክንዷ ይታየኝ ነበር፤ የቀሚሷ ጠርዝ ሳይቀር። አሁን አይዘልም። ዘፋኟ ዝም ብላ ታልፋለች።»

ሰብሳቢዋ ወደ ቤቷ ሮጠች። ቆሻሻው ግን ከተወሰደ ቆይቷል።

ያን ጊዜ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን ነገር አደረገች። ከዚያ ዘፈን የቀራትን አንድ ንጹሕ ሸክላ ከነጭ ወረቀቱ አወጣች። ያቺን ቦታ ጆሮዋ አልረሳትም። በመርፌ ጫረችው። ጫር አድርጋ እያቆመች፣ እንደገና እየቀጠለች ጨረሰችው።

ይዛው ተመለሰችና ያደረገችውን ሳትናገር አጫወተችው። ዘፈኑ ተነሣ። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን ሞላው፤ ወንበሩም፣ ግድግዳውም፣ ሁለቱ ሴቶችም በድምፁ ላይ የሚንሳፈፉ መሰሉ። ዘፋኟ ትንፋሿን ሰበሰበች። መርፌው ዘለለ።

ባልቴቷ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ከዚያ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች።

«ቦታው እሱ ነው። ትርንጎ ግን እየጨፈረች ነው የነካችው። ይሄን የጫረ ሰው ፈርቷል።»

«እኔ ነኝ» አለች ሰብሳቢዋ አንገቷን ደፍታ። «የእርስዎን ለውጬ ሰብሬዋለሁ። እምቢ ሲሉኝ ይሉኝታ መስሎኝ ነው።»

«ሁለቴ ነገርኩሽ እኮ።»

ሰብሳቢዋ ሸክላውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ባልቴቷ ያዘቻት።

«ተይው፣ እዚያው ይሁን። ልጄን አልመለስሽልኝም፤ አትመለስም። ግን ያን ለት ስቆጣት እሷም እንዲህ አንገቷን ደፍታ ነበር የቆመችው። ያኔ ነይ ወደኔ አላልኳትም። አንቺ ነይ፤ እዚህ ተቀመጪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰዓት ሁለቱ አብረው ያዳምጣሉ። ዘፈኑ እዚያች ቦታ ሲደርስ ባልቴቷ ማጫወቻውን ታያለች። ሰብሳቢዋ የራሷን እጅ ታያለች።

ለእኛ ጭረት የመሰለን ነገር ለሌላው ሰው የልጁ ክንድ ሊሆን ይችላል። ክፉ ሳናስብ፣ እንዲያውም ደግ የሠራን መስሎን፣ የሰውን ቤት እናስተካክላለን፤ ባለቤቱ «ተዉት» ሲለን የሰማነውን ሳይሆን የገመትነውን እናምናለን። ደግነት ከመስጠት በፊት መስማት ነው። ተሳስተን ከሆነም ያበላሸነውን የሚመስል ነገር ሠርተን ጥፋታችንን ከመሸፈን «እኔ ነኝ» ማለት ይሻላል፤ የተሰበረውን ባይጠግንም አብሮ ለመቀመጥ በር ይከፍታል።

እናንተስ፣ «ተዉኝ» እያለ ያሻሻላችሁለት ሰው አለ? ዛሬ ደጁ ብትሄዱ፣ ከመስኮቱ ዘፈን ይሰማል?