የበርበሬ ነጋዴውና የገደሉ ማሚቶ

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበረ። መሬቱን በጥንድ በሬ እያረሰ ደህና ሲኖር፣ አንድ ቀን ቀብድ የሚሉት ነገር ልቡን ሰረቀው።

ይህን ማውራት የጀመሩት የኔታ ፅጌ ናቸው። ፊታቸው የተቀመጠው የቀድሞ ተማሪያቸው ናሁሰናይ ነው። «የኔታ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ቀብድ አስይዛለሁ። እስከ አርብ ዋጋው ከወጣ አተርፋለሁ፤ ካልወጣ ቀብዱ ቀለጠ። ስልኬ ላይ ገበያውን በየቀኑ የሚተነትን ሰው አለ። እሱን ሰምቼ የአባቴን ቤት ሸጬ ብገባበት ያዋጣኛል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«ዝም ብለህ ስማኝ» አሉት።

ነጋዴው በርበሬው ገና ሳይቀላ ገበሬዎቹ ዘንድ ይሄዳል። ዋጋ ይቆርጣል፣ ቀብድ ይሰጣል። እስከ ኅዳር ሚካኤል በርበሬ ከተወደደ በቆረጠው ዋጋ ወስዶ ያተርፋል። ከረከሰ ትቶት ይቀራል፤ ቀብዱም ተበላ ማለት ነው።

ታዲያ ነገን ማን አይቶት? ሰውየው ጭንቅ ሲይዘው ከመንደሩ በታች ካለው ገደል አፋፍ ቆሞ ጮኸ። «ይረክሳል ወይስ ይወደዳል?» ገደሉም «ይወደዳል... ወደዳል» አለው። በዚያ ሳምንት እውነትም ተወደደ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ አይቀርም። ሲፈራ «ይወደዳል ወይስ ይረክሳል?» ይላል። ሲጎመጅ ገልብጦ ይጠይቃል፤ መገልበጡን ግን ልብ አላለውም። ማታ ማታ ደግሞ ጎረቤት ሰብስቦ ገደሉ ለምን እንዲህ እንዳለ ያብራራል። «ጉም ስለነበረ ነው» ይላል። በማግስቱ «ጉም ስላልነበረ ነው» ይላል። ወይ ጉድ! ሰዉም አምኖ ራሱን ይነቀንቃል።

ቀብዱ እየተበላ አንዱ በሬ ተሸጠ። «ኧረ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ያንን ገደል ተው! የቀረን አንድ በሬ ነው» አለች ሚስቱ።

«ነገ ብቻ» አላት።

በማግስቱ አፋፉ ላይ ቆመ። ነፋስ የለም፤ ወፉም ዝም ብሏል። ገና አፉን ሳይከፍት ከታች ድምፅ መጣ። የራሱ ድምፅ ነው። «ይረክሳል ወይስ ይወደዳል?» ብሎ ጠየቀው። ሊሸሽ ፈለገ፤ አፉ ግን ቀደመውና «ይወደዳል» አለ።

የዚያኑ ቀን የቀረውን በሬ ሸጦ ቀብድ አስያዘ። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ በርበሬ እንደ አፈር ረከሰ።

ማታ ቤቱ ገብቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱ ልትቆጣው ብላ ሆዷ ባባ። «ትበላለህ ወይስ ትተኛለህ?» አለችው።

«ትተኛለህ» አላት።

የሚያላግጥባት መሰላት። «ምነው፣ አመመህ?»

«አመመህ» አላት። ዓይኖቹ ባዶ መሆናቸውን ስታይ ክው አለች።

ሲነጋ ወደ ገደሉ ሮጠች። «አንተ ሰው፣ የት ነህ?» ብላ ጮኸች። ገደል መቼም የሚመልሰው የመጨረሻውን ቃል ነው። ያን ቀን ግን በባሏ ድምፅ «እዚህ ነኝ፤ አውጪኝ» አላት።

በሬስ ተሠርቶ ይገዛል። እሱን ግን ማን ያውጣው?

የኔታ ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። «ያ ስልክህ ውስጥ የሚተነትነው ሰውዬ ገደልህ ነው፣ ልጄ። ገበያው ውሎ ሲያበቃ የዋለበትን መልሶ ይነግርሃል። አንተ ደግሞ ልብህ የጎመጀውን ከመጨረሻ አድርገህ ትጠይቀዋለህ። ቀብድማ ቢበላ ሌላ ይገኛል። እኔን የሚያስፈራኝ የገዛ ቃልህን እዚያ ጥለህ እንዳትመጣ ነው። በል አሁን ንገረኝ፤ የአባትህን ቤት ትይዘዋለህ ወይስ ትሸጠዋለህ?»

«ትሸጠዋለህ» አለ ናሁሰናይ። ከዚያ በገዛ ድምፁ ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ።