የወይዘሮ አስካለ ልጆች

በአንድ ወቅት ነው፤ ከከሰም ወንዝ ማዶ አስካለ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። እንጨት ልትለቅም ወጥታ ከገደል ወደቀችና ከወገቧ በታች በድን ሆነች። ልጆቹ ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ፤ የሚያግዛቸው ዘመድም አልነበረም።

ትልቋ ደብሪቱ እጮኛዋን «አትጠብቀኝ» ብላ አሰናበተችው። እናቷን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ የቆሰለ ጀርባዋን ትጠርጋለች። መካከለኛው ማንያዘዋል ያርሳል፤ በበዓል ቀን እናቱን አዝሎ ጠበል ያደርሳታል፤ ሳትድን እንደ ሄደች ትመለሳለች። ትንሿ ጥሩዬ ትምህርቷን ትታ አጠገቧ ተቀምጣ ታጫውታታለች።

አንድ ቀን የዚያ እጮኛ ሠርግ ዘፈን ከማዶ ተሰማ፤ ሌላ ማግባቱ ነው። ደብሪቱ ጓሮ ዞራ ስታለቅስ እናቷ ሰማቻት። አስካለ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስም አለች።

«እኔ እያለሁ እናንተ አትኖሩም። ተዉኝ ልሂድ።»

ደብሪቱ አጥሚት ይዛ መጣች። የእናቷን መንጋጋ በጣቶቿ ፈልቅቃ ጋተቻት። አስካለ ትን አላት፤ አጥሚቱና እንባዋ ባንገቷ ወረደ።

«ባትፈልጊም ትጠጫለሽ!» አለች ደብሪቱ፣ እሷም እያለቀሰች።

ማንያዘዋል የእህቱን እጅ ያዘ። «በቃ! የቀራት ቃሏ ብቻ ነው፤ እሱንም ልንቀማት ነው?»

«በረሃብ ልትገድላት ነው?»

«የለመነችኝን ነው የማደርግላት።» አጥሚቱን ደጅ ደፋና የእናቱን እጅ ይዞ ተቀመጠ።

ጥሩዬ ይህን ማየት አልቻለችም። በማግስቱ ከውጭ እየሮጠች ገባች። «እማዬ፣ እልል በይ! ደብሪቱን ለትዳር የሚጠይቅ ሰው መጣ፤ አንቺንም እቤቱ ሊያኖርሽ እሺ ብሏል!»

አስካለ አለቀሰች፤ ውሃ ጠየቀች፤ በላች። ክረምቱን ሙሉ ስለ ሠርጉ እያወራች ፊቷ ፈክቶ ከረመች። ሌሎቹ ሁለቱ ሰምተው ዝም አሉ።

በመስከረም ልትጠይቃት የመጣች ጎረቤት «የምን ሠርግ?» አለቻት። አስካለ ወደ ትልቋ ዞረች።

«ደብሪቱ፣ ውሸት ነው?»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ እህልም አልቀመሰችም። ደብሪቱም ያንን መንጋጋ እንደገና ለመፈልቀቅ አቅም አጣች። አስካለ ልጆቿን ሳትመርቅ ሞተች።

በመቃብሩ አፍ ላይ ሦስቱ ተራርቀው ቆሙ። የአገሩ ሽማግሌ «እናቱን ያስታመመ ልጅ ይምጣና ቀድሞ አፈር ያልብሳት» አሉ። ደብሪቱ አልተንቀሳቀሰችም። ማንያዘዋልም። ጥሩዬም።

እናንተ በሽማግሌው ቦታ ብትሆኑ፣ ከሦስቱ ማንን ትጠሩ ነበር?