የኋሊት የሚገባበት በር

አንድ ጊዜ፣ ሰዎች ጥለውት በሄዱት አሮጌ የድንጋይ በረት ውስጥ ውሾች ማህበር ነበራቸው። ማህበሩ ግን ለውሻ ሁሉ አልነበረም። የቀለበት ጅራቶች ማህበር ነው የሚባለው። ከወንዙ ወዲህም ሆነ ከወንዙ ወዲያ ያሉ፣ መልካቸው ቀይ ዳማ፣ ጉሮሯቸው ነጭ፣ ጅራታቸው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ወገባቸው ላይ እንደ ቀለበት የሚቀመጥ ውሾች ብቻ ናቸው የሚገቡበት። ጅራቱ የተንጠለጠለ ውሻ፣ እናቱ የቤተ መንግሥት ውሻ ብትሆን እንኳ፣ ከደጅ ይመለሳል።

አገባባቸውም ለብቻው ነው። ከበሩ ሲደርሱ ይዞሩና ፊታቸውን ወደ ውጭ፣ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ አድርገው የኋሊት ይገባሉ። የማህበሩ ዳኛ ጋሼ ኮስትር ከበሩ ውስጥ ቆሞ ጎንበስ ይልና ይመረምራል።

«ፊትማ ማን የለውም፤ ፍየልም ፊት አላት። የኛ ወግ ጅራታችን ነው» ይላል።

ጅራቱ ጥብቅ ካለ «ክብ ነው፤ ግባ» ይላል። ከላላ «እህ፣ እህ» ብሎ ይስላል። እሱ ሳለ ማለት እንግዲህ መንደሩ የሳምንት ወሬ አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለኩራት ብቻ አልነበረም። ክረምት ሲገባ፣ ጉም ገደሉን ሲሞላው፣ ጅብ ወደ ላይ ይወጣል። የበረቱ አጥር ረጅም ነው፣ በሩ አንድና ጠባብ ነው። እዚያ ውስጥ የተወለደ ቡችላ ያድጋል። ውጭ የተወለደ ግን የዕድሉን ነው።

ከማህበርተኞቹ አንዷ ዛጎል ነበረች። ጆሮዋ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል የተባለላት ጠባቂ ናት። በሰኔ ወር ወደ ወንዝ ወርዳ ውኃ ስትጠጣ፣ ጎረቤቷ እመት አህዪት ከነጭነቷ ጭቃ አዳልጧት ጅራቷ ላይ ቆመችበት። አጥንቱ ተሰበረ። ያ ቀለበት የመሰለ ጅራት እንደ ረጠበ ገመድ ወደ ታች ቀረ። ይባስ ብሎ ዛጎል እርጉዝ ነበረች፤ ልትወልድም ደርሳለች።

የማህበሩ ቀን ደረሰና ዞራ የኋሊት ገባች። ጋሼ ኮስትር ሳለ።

«ዛጎል፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጅራቴ ነው ጋሼ። አህያ ረገጠችኝ።»

«እስቲ ቀና አድርጊው።»

«እምቢ አለኝ።»

ከውስጥ እትዬ ድንቡሼ ጣልቃ ገባች። ድንቡሼ ጅራቷን ቅቤ ቀብታ የምትመጣ ውሻ ናት። «አይ ዛጎልዬ፣ ድሮም ላላ ያለ ነበር። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም እንጂ» አለች። ሦስት መንደር ዞራ አውርታዋለች።

«ጋሼ፣ ጆሮዬ እኮ ደህና ነው፣ አፌም ደህና ነው» አለች ዛጎል። «በረቱን የምጠብቀው በጅራቴ ነው እንዴ?»

ጋሼ ኮስትር ክፉ ውሻ አልነበረም። እርጅና እየመጣበት ነው። ጠዋት ጠዋት የገዛ ጅራቱ አልነሳ እያለው፣ ሌላው ሳይነቃ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ነው የሚያቀናው። ዛጎል ጠባቂ አይደለችም? አይታዋለች። ለማንም አላወራችም፤ አሁንም አላወጣችበትም።

«ሕጉን ያወጡት አባቴ ናቸው» አለ ወደ ሌላ እያየ። «እኔ ካላላሁት ነገ ማን ያጠብቀዋል? እስኪቀናልሽ ከደጅ ቆዪ።»

«ልጆቼስ?»

«ተወልደው ጅራታቸው ታይቶ ይገባሉ።»

«እናንተ እስክታዩላቸው ጅብ ያያቸዋል እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ኮስትር ወደ በሩ አየ። ዳኛ ሲጨንቀው የሚለው አንድ ነገር ነው። «ቀጣይ» አለ።

ዛጎል ወጥታ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ጎባጣ ድንጋይ ሥር ተኛች። ገና ሳይመሽ እመት አህዪት አንገቷን ደፍታ መጣች። በአፏ ገለባ ይዛለች።

«እኔ አይደለሁ ጦስሽ» አለች ገለባውን እያነጠፈች።

«አንቺን ማን ወቀሰሽ።»

«ብትወቅሺኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ስትዪኝ ጭነቴ ይበልጥ ይከብደኛል።» ከዚያ በነፋሱ በኩል ቆመችላት። «እዚሁ አብሬሽ ልሁን። ጅብ እንደሆነ እኔም እፈራለሁ። ሁለት ፈሪ አብሮ ቢፈራ ምን ይለዋል?»

ከገደሉ በታች ደግሞ አያ ጅቦ ተቀምጧል። የቡችላ ሽታ ከላይ በመጣ ቁጥር ምራቁን ይውጣል።

«አጥሩ ረጅም፣ በሩ ጠባብ፣ ውሻው ብዙ። እኔ ምን ልሁን?» አለ።

«ውሻ ሁን» አለችው ከጎኑ የተጋደመችው እመት ቀበሮ።

«በምኔ?»

«በጅራትህ። እነሱ ፊት አያዩም። የኋሊት ነው የሚገባው። ጅራቱን እኔ እሠራልሃለሁ።»

ቃጫ ፈትላ፣ ቀይ አፈር አሸታ፣ ጠቅልላ ጠቅልላ እዚያች ድንክ ጅራቱ ላይ አሰረችለት። እውነት ለመናገር ከእውነተኛው ያማረ ቀለበት ሆነ። ቀበሮ እጇ የተባረከ ነው፤ ልቧ እንጂ።

«ለድካሜ ውሾቹ ለነገው በዓል ያስቀመጡትን የበግ እግር ከአጥሩ በላይ ወርውርልኝ። ሌላ አልፈልግም። አሁን ስማኝ። አትዙር፣ አትሳቅ፣ እስኪዘናጉ ድረስ ምንም አትብላ።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

እመት ቀበሮ ሰማይ ሰማዩን አየች።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር እንግዳ የሚመጣበት የጅራት በዓል ነበር። ጠዋት ጉሙ መሬት ነክቷል። እንግዶቹ አንድ በአንድ እየዞሩ የኋሊት ይገባሉ፣ ጋሼ ኮስትር «ክብ ነው፤ ግባ» ይላል። ዛጎል ውጭ ተኝታ ከዚህ በፊት ልብ ያላለችውን ነገር አየች። የኋሊት የሚገባ ሁሉ ፊቱ ወደ እሷ ነው። ከውስጥ ያሉት ጅራት ያያሉ፣ ፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት። አንዳንዱ አፍሮ ዓይኑን ይሰብራል፣ አንዳንዱ ሰላም ይላታል።

ከዚያ አንዱ መጣ። ጆሮው ክብ፣ መንጋጋው ሰፊ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«እንደምን አደርሽ» አላት አያ ጅቦ። ሰላምታ አትስጥ አላለችውማ ቀበሮ።

ዛጎል ጆሮዋን ቀሰረች። ከውስጥ የጋሼ ኮስትር ድምፅ ይሰማታል።

«ምን ዓይነት ጅራት ነው ይሄ! ከአባቴ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀለበት አላየሁም። ይግቡ ጌታዬ። ከየት ነዎት?»

«ከታች።»

«ከታች ከየት?»

«ከምበላበት።»

«የጠገበ ሀገር ነው ማለት ነው» አለ ጋሼ ኮስትር በአክብሮት።

«ጋሼ፣ ጅብ ነው፤ ፊቱን እዩት» ብላ ጮኸች ዛጎል።

«አይ ቅናት» አለች ድንቡሼ። «የራስ ሲወድቅ የሰው ቀና ያለ ዓይን ይወጋል።»

«ዛጎል፣ በእንግዳ ፊት አታዋርጂን። የእንግዳ ፊት ማፍጠጥ ወጋችን አይደለም» አለ ዳኛው። ወደ እንግዳውም ዞሮ «ምን ይነጠፍልዎ?» አለ።

«ቁርበት» አለ ጅቦ። ጅብ በማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የተሻለው ቦታ ተሰጠው፤ ቡችሎቹ ከሚተኙበት ጥግ። እንደ ወጉ ጅራቱን ለጉባኤው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ወዲያው የመኘክ ድምፅ ተሰማ።

«እንግዳችን ምን ይዘዋል?» አለ ጋሼ ኮስትር።

«ጸሎት ነው» አለ ጅቦ አፉ ሙሉ ሆኖ።

«ረጅም ጸሎት ነው» ተባባሉ ውሾቹ እየተደነቁ።

ዛጎል በበሩ አሻግራ ታያለች። የቁርበቱ ጠርዝ አለቀ፣ መሀሉ ተጀመረ። ከቁርበቱ ቀጥሎ ያለው የድንቡሼ ቡችላ ነው፤ ተኝቷል።

«ተይ ዛጎልዬ» አለች እመት አህዪት ሐሳቧን አውቃባት። «አንቺ ሆድሽ ደርሷል። ነገርሻቸው፣ አልሰሙሽም። ይቅርብሽ።»

«እነሱስ አልሰሙኝም» አለች ዛጎል። «ቡችላው ግን ምን አጠፋ?»

ብድግ ብላ ገባች። ማህበሩ ከቆመ ጀምሮ በዚያ በር ፊቱን አስቀድሞ የገባ ውሻ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ጋሼ ኮስትር ሊስል አፉን ሲከፍት በእግሩ መሀል አለፈች። ያን የተደነቀ ጅራት በጥርሷ ይዛ ጎተተችው።

ጅራቱ ተፈታ። ቃጫው እየተተረተረ፣ እየተተረተረ መጣ። ከሥሩ አንዲት ድንክ ጅራት ብቅ አለች። አያ ጅቦም ማን ነው የነካኝ ብሎ ዞረ፤ በከንፈሩ ቁርበት ተንጠልጥሏል።

«የማን ፊት ነው ይሄ?» አለ ጋሼ ኮስትር ቀስ ብሎ። ፊት ማየት ስላልለመደ ነው።

ዛጎል ግን ቡችላውን ከልላ ቆማ ነበር፤ ጥርሷ ወጥቷል፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ነው። ሌሎቹ ያንን ሲያዩ ነቁ። በአንድ አፍ ጮኹበት። ጅቦ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ደግሞ እመት አህዪት ቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ወደ ውስጥ ሰጥታ። በዚያ በር የኋሊት መቆም በዕድሜው አንድ ጊዜ ጠቀመ። በሁለት የኋላ እግሯ አነሳችው፤ ገደሉን ሳይረግጠው ወረደ።

ከታች እመት ቀበሮ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

«እግሩስ?» አለችው።

«ቀመስኩት» አለ አያ ጅቦ መንጋጋውን ይዞ። «የበግ ግን አልነበረም።»

ውሾቹ እስከ ረፋድ ሲጮኹ ቆዩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ አጉረመረመች እመት አህዪት፤ ግን ደስ ብሏት ነው።

ዛጎል እዚያው የተረፈችው ቁርበት ላይ ወደቀች። ምጥ ጀምሯታል። ድንቡሼ ልጇን በማጅራቱ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጥግ አዛወረችው። ከዚያ ሄዳ የራሷን ለስላሳ ሣር አምጥታ ከዛጎል ሥር አስገባች። «ቅቤም አለኝ፤ ለወገብሽ» አለቻት።

እንግዶቹ ሁሉ ጋሼ ኮስትርን ያያሉ። ይስል ይሆን? ጋሼ ኮስትር መሀል ላይ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳ ጋር ተደግፎ የሚያቀናውን ጅራት ለቀቀው። ጅራቱም ወደ ታች ወረደ።

«የኔም ላልቷል» አለ። «ዛጎል ታውቅ ነበር። ስታስወጧትም አልተናገረችብኝም። ስናስወጣት ልበል እንጂ፤ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ከዛሬ ወዲያ በዚህ በር ወደ ፊት እንገባለን። ፊታችሁን ልየው።»

«እሺ፣ ወደ ፊት እንገባለን» አለች ድንቡሼ። «ከገባሁ በኋላ አንዴ ዞር ብል ግን ይከለከላል?»

«አይከለከልም።»

ጉሙ ሲገፈፍ የዛጎል ልጆች ተወልደው ነበር። የሁለቱ ጅራት ክብ ነው፣ የአንዷ ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ የትንሹ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልወሰነም። ጋሼ ኮስትር ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። «የናታቸው ዓይን ነው» አለ። ማህበሩ የውሻ ነው፣ አህያ ምን አገባት ብለው የሚያጉረመርሙ ዛሬም አሉ፤ እመት አህዪት ግን ክረምት በገባ ቁጥር ጀርባዋን ወደ ገደሉ ሰጥታ በሩ ላይ ትቆማለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ወገኑን በጌጡ እየመረጠ በር የሚዘጋ፣ የጠላቱን ፊት አይቶ የሚነግረውንም ወዳጅ አብሮ ከደጅ እንደሚያስቀር ነው።