ከኋላ ወንበር ሥር የነበረችው ባትሪ

ተረት ተረት! "የመሠረት" በሉ እንጂ፤ ምነው ዝም አላችሁ? እኔ ዝምታ አልወድም። ለምን እንደማልወድ አሁን ትሰማላችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ድሮ ስላችሁ እንኳ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በድሬዳዋ ከተማ ቤንዚንም ኤሌክትሪክም የምትበላ አንዲት ሃይብሪድ መኪና ነበረች። ባለቤቷ ጋሽ ንጋቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ አረጋሽ ይባላሉ። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም፤ እርስ በርሳቸው ነበር የሚጧጧሩት።

በመኪናዋ ውስጥ ከፊት ሞተር ይኖራል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪ ትኖራለች። ሞተር አፉን ከከፈተ ሰፈር ይሰማል። ባትሪ ግን ድምፅ የላትም። ጓደኛዋ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ብቻ ነበረች። ማራገቢያዋ ከወንበሩ ጎን ባለች ወንፊት መሳይ ቀዳዳ አየር እየሳበች ባትሪን ታቀዘቅዛታለች። ባትሪ ያለዚያ አየር አትኖርም።

ጋሽ ንጋቱ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው ዘይት ያያሉ፣ ውሃ ያያሉ፣ ሞተሩን መታ መታ ያደርጉታል።

"እንዴት አደርክ ጎበዝ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" ይላል ሞተር፣ እየተኩራራ።

ወደ ኋላ ግን ዞር ብለው አያውቁም። አርባ ዓመት ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው፣ የሚያውቁት የሚያንኳኳውን፣ የሚያፏጨውንና የሚያጨሰውን ነው። "የታመመ ነገር ይጮሃል። ዝም ካለ ደህና ነው፤ ዝም አይነቅዝም" ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ አረጋሽ "ወንበሩ ወገቤን ቆረቆረኝ" አሉ። ጋሽ ንጋቱ ምን አደረጉ? ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥተው የኋላውን ወንበር ከዳር እስከ ዳር አለበሱት። ጫፍ ጫፉንም በየጎኑ ጥብቅ አድርገው ወተፉት። ያችን ቀዳዳም አብረው ደፈኗት። ክፉ አስበው አይምሰላችሁ፤ ወደው ነው፣ ሚስታቸውን ወደው።

"ኧረ ታፈንኩ!" አለች ማራገቢያ።

"እኔም ታፍኛለሁ" አለች ባትሪ። "ግን እትዬ ተመቻቸው። ትንሽ እንቻለው።"

ቻሉት። ግን አልተቻለም። ማራገቢያዋ አየር ፍለጋ ስትታገል የብርድ ልብሱ ብናኝ ጉሮሮዋ ገባና ታቃስት ጀመር። የሰሟት ከላይዋ የተቀመጡት እትዬ አረጋሽ ብቻ ናቸው።

"ንጋቱ፣ ከሥሬ የሚያቃስት ነገር አለ።"

"የምን ማቃሰት? ሞተሩን አትሰሚውም? እንደ ሰዓት እኮ ነው!"

"እኔንም ሰሞኑን ትንፋሽ ያጥረኛል።"

"በድሬ ሙቀት ማንን አያጥረውም? አንቺ ደግሞ!"

እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ባትሪ ከሥር ሆና የልባቸውን ምት ትሰማ ነበር። ምቱ እንደ ድሮው አልነበረም። ፈራች።

ሲብስባት ጊዜ ባትሪ ከመሪው ፊት ያለችውን መብራት ለመነቻት። "አንቺ እንኳ ፊታቸው ነሽ፣ ንገሪልኝ።" መብራትም ቦግ አለች። "ባትሪ ታማለች! ባትሪ ታማለች!"

ጋሽ ንጋቱ መፍቻ አመጡ። የታመመችው የኋላዋ መሆኗን መች አወቁ፤ ከሞተሩ አጠገብ ያለችውን የሌላዋን ትንሽ ባትሪ ሽቦ ነቀሉ፣ መልሰው አሰሩ። መብራቷ ጠፋች።

"አየሽ? ዳነች!" አሉ፣ እጃቸውን እየጠረጉ።

"እስቲ ለሚያውቅ ሰው እናሳያት። እኔም በዚያው ሐኪም ቤት ጎራ ብል" አሉ እትዬ አረጋሽ።

"ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል፤ ምን አስቸኮለሽ?"

መብራትን አፏን አሲዘው በሽታውን ያዳኑ መሰላቸው፣ የኔ ምስኪን!

በሦስተኛው ጊዜ ባትሪ ወደ ሞተር መልእክት ላከች። "ሞተር ወንድሜ፣ አንተ ድምፅ አለህ፤ አንተን ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ጩህልኝ።"

"እኔ ደህና ነኝ" አለ ሞተር። "ደህና ሆኜ ብጮህ ስሜ አይጠፋም?"

በዓሉም አለፈ። በማግስቱ ማለዳ እትዬ አረጋሽ ጓዳ ውስጥ ወደቁ። የሰፈሩ ክሊኒክ "ልባቸው ነው፤ ቶሎ ሐረር ወዳለው የልብ ሐኪም ያድርሷቸው" አለ። ጋሽ ንጋቱ ሚስታቸውን አቅፈው ብርድ ልብሱ ላይ አስተኟቸውና ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ተያያዙት።

"ዛሬስ ሳላደርሳቸው አልሞትም" አለች ባትሪ።

"ትችያለሽ?" አለች ማራገቢያ።

"አልችልም። ግን ልሞክር።"

የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ወጣች። ሁለተኛውን እየነደደች ወጣች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "ሞተር፣ ይቅር በለኝ፣ አንተው ጎትት" አለች። ሞተር ግን ያለ ባትሪ መነሳት እንኳ አይችልም። ይህን ያወቀው ያኔ ነው። መኪናዋ ዳገቱ መሃል ቆመች።

ጋሽ ንጋቱ ዘለው ወረዱ። ኮፈኑን ከፈቱ። ዘይት አዩ፤ ሙሉ ነው። ውሃ አዩ፤ ሙሉ ነው። እንደገና ዘይት አዩ። "ሁሉም ሙሉ ነው እኮ! ሁሉም ሙሉ ነው!" እያሉ አስፋልቱ ላይ ይንቆራጠጣሉ። እትዬ አረጋሽ ከኋላ ምንም አላሉም።

በስንት ጊዜ ኢብሳ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ደርሶ ቆመ። እትዬን ለማውረድ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርግ ቀዳዳዋን አየ፤ በብናኝና በአቧራ ተደፍናለች። እጁን ቢያስጠጋ ፈጀው።

"አቦ ጋሼ፣ ይቺ ባትሪ እኮ ታፍና ነው የሞተችው። ምንም ምልክት አላሳየችዎትም?"

ጋሽ ንጋቱ ሚስታቸውን አቅፈው የኢብሳ መኪና ላይ ተሳፈሩ።

ሐረር ሲደርሱ ሐኪሙ መረመራቸው፣ አንገቱንም ነቀነቀ። "ከታመሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል እኮ። አልነገሩዎትም?"

እትዬ አረጋሽ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ምነው ደብቃ ኖረች?" አለ።

"አልደበቀችም!" አሉ ጋሽ ንጋቱ፣ ከተቀመጡበት ተነስተው። "አልደበቀችም። ነግራኛለች። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።" ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ።

መኪናዋ በኋላ ሌላ ባትሪ ገባላት። አሁን ጋሽ ንጋቱ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን አይከፍቱም። መጀመሪያ የኋላውን በር ይከፍታሉ። ቀዳዳዋን በብሩሽ ይጠርጋሉ። ከዚያ ባዶው ወንበር ላይ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ረጅም ጊዜ።

"እኔ ደህና ነኝ" አለች አዲሲቱ ባትሪ። "ታዲያ እኚህ ሰውዬ ማንን ነው የሚያዳምጡት?"

"ከአንቺ በላይ ይቀመጡ የነበሩትን" አለች ማራገቢያ።

ሞተርም ሰማ። እሱ እንኳ ዝም አለ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ። ይልቅ እቤታችሁ ግቡና ዝም ያለውን ሰው "ምን ሆንክ፣ ምን ሆንሽ?" በሉ፤ ሲነግራችሁም ስሙት። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ተሳስቷል። ዝምም ይነቅዛል፤ ከውስጥ ነው እንጂ።